ቢጫ ዓይን ከብርድ ብርድ ጋር ሲመጣ



ዓይን ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስሙ ሳይሆን «ሐኪም ቤት አያድነውም፣ መድኃኒቱ ቅጠል ነው» የሚለው ምክር ነው። አንዳንድ የጉበት ቫይረስ በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ቅጠሉ ያዳነው ይመስላል። ቢጫነቱ የመጣው ከሐሞት ቱቦ መዘጋት ከሆነ ግን ቱቦውን የሚከፍት ቅጠል የለም።

ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል። ቱቦውን ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ጠጠር ነው፤ ዕጢም ሊሆን ይችላል፤ ወስፋት ሳይቀር ሾልኮ ገብቶ ይዘጋዋል። በተጠራቀመው ሐሞት ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ ይራባል፣ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ወደ ደም ይገባል። ሰው ሁለት ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 የገለጻቸው ሦስት ምልክቶች ዛሬም ይሠራሉ፦ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም። በተለይ አረጋውያን ላይ ሦስቱም ላይሟሉ ይችላሉ። አባታችሁ ትኩሳት ይዟቸው መዘባረቅ ከጀመሩ ወይም ሽንታቸው ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋቸው ውጡ። «ወባ ይሆናል፣ ታይፎይድ ይሆናል» እያሉ ከፋርማሲ ኪኒን መግዛት ውድ ሰዓት ይበላል።

ሆስፒታል ስትደርሱ ለምርመራ ደም ይወሰዳል፤ በደም ሥር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ይጀመራል፤ አልትራሳውንድ ይታያል። ከቤተሰብ ጋር የምከራከረው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጋብ ሲል «ተሽሏቸዋል፣ እንውጣ» ይሉኛል። አንቲባዮቲኩ ጊዜ ይገዛል እንጂ የተዘጋውን አይከፍትም፤ ሐሞቱ መፍሰስ አለበት። ይህ የሚደረገው በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ ጠጠሩን በማውጣት ወይም ማስተላለፊያ ቱቦ በማስቀመጥ ነው። ካልሆነም በቆዳ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ጉበት ይገባል፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ኢንዶስኮፑ በየከተማው ስለሌለ ሪፈር ሲጻፍላችሁ ቤት ገብታችሁ ልትመካከሩ አትዘግዩ። ምክንያቱ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ከሆነ ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ስለማስወጣትም ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ካልወጣ ሌላ ጠጠር ሊወርድ ይችላል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ቢጫነቱ መቼ እንደጀመረ፣ ሽንቱ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ቀደም ሲል ጠጠር አለ ተብላችሁ እንደሆነ ንገሩን። የጠጣችሁትን ቅጠልም አትደብቁ፤ አንቆጣም። አንዳንዱ ጉበት ስለሚጎዳ ማወቅ አለብን።