ቆራሌው የሌለበት ማውጫ

ፌስታል በሕግ ተከልክሏል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ መሠረት ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ቅጣቱን ያልሰማ የለም። በምትኩ ምን እንደሚያዝና ከማን እንደሚገዛ የሚያውቅ ሸማች ግን ጥቂት ነው። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ማንን ትጠይቅ?

አማራጭ ጠፍቶ አይደለም። መስማት የተሳናቸው ሴቶች የወረቀት ከረጢት የሚሠሩበት «ተኪ» እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሳባሃር የጉሎ ቅጠል ከሚበላ የሐር ትል የተገኘውን ክር በእጅ አስፈትሎ በእጅ ያሸምናል። ሶልሬብልስ በ2004 እ.ኤ.አ. ዘነበወርቅ ሰፈር ተጀምሮ የአሮጌ መኪና ጎማን ሶል አድርጎ ጫማ ወደ ውጭ ሸጧል። (የሐሳቡ አባት በረባሶ ነው። ገበሬውና ወታደሩ ሲጫሙት የድሃ ጫማ ተብሎ ተናቀ፤ ስሙ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ተከበረ።)

ችግሩ ስለ እነዚህ ሥራዎች ከጎረቤት ይልቅ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ የተሻለ መረጃ ማግኘቱ ነው። እሱ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን ማኅተም ያያል። ድርጅቱ 10 መርሖች አሉት፤ ተገቢ ክፍያና ሕፃናትን ጉልበት አለመበዝበዝ ከእነሱ መካከል ናቸው። ለአዲስ አበባው ሸማች ማን በንጹሕ እጅ እንደሚሠራ የሚነግር አንዲት ገጽ እንኳ የለችውም። የሚያስፈልገው እንደ ድሮው የስልክ ማውጫ ያለ ነገር ነው፤ በየክፍለ ከተማው ማን ምን እንደሚሠራ፣ ከምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚገኝ የተጻፈበት።

ግን ማን ያዘጋጀው? ማውጫው ከተመዝጋቢዎቹ ገንዘብ ከተቀበለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው። የከፈለ ሁሉ «አረንጓዴ» ይባላል። ዕቃ ላይ ቅጠል መሳል ደግሞ ከማተሚያ ቤት ዋጋ ሌላ ወጪ የለውም።

ሽሮ ሜዳን እንይ። ጥጥ፣ የእጅ ሥራ፣ መብራት የማይፈልግ የሸማ ዕቃ፤ ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር እንከን የማይወጣለት ነው። ነገር ግን «ሙያ ትማራለህ» ተብለው ከጋሞ የመጡ ልጆች ከትምህርት ቤት ርቀው ከንጋት እስከ ምሽት የሚሸምኑበት ቤት እንዳለ ሲጻፍና ሲነገር ኖሯል። ሁሉም ሸማኔ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ በልጁ ፈንታ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ የሚውለው ብዙ ነው። ሆኖም ጥበቡን የምትገዛው ሙሽራ ሁለቱን የምትለይበት መንገድ የላትም። ማውጫው «ከምን ተሠራ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ሠራው? ምን ተከፈለው?» ብሎ ካልጠየቀ ግማሹን እውነት ደብቋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ደመወዝ ቦርድ ቢያነሳም ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተቀመጠበት አገር ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ማን ይቀራል የሚለው ነው። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ኢሜይል የሚጠይቅ ማውጫ ቆራሌውን አያውቀውም። ምናለሽ ተራ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያወጣውንም አያውቀውም። ማንም «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» የሚለውን ቃል ሳያመጣ በፊት ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውንና የተሰበረውን ወንበር ከየደጁ የለቀሙት እነሱ ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ እዚያ አካባቢ ብዙዎች የሚኖሩት ከክምሩ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ነበር። ሥራቸው በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልሰፈረም።

እነሱንም ቢሆን ሳይጠይቁ ማስገባት አይገባም። ከቁርጥራጭ አልሙኒየም የቀለጠ ድስት እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ጎማ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ በሜዳ ማቃጠልም ሰፈሩን ያስላል። እንዲህ ያለው ነገር ከስማቸው አጠገብ ይጻፍ፤ ሸማቹ አውቆ ይግዛ።

ለመጀመሪያው ገጽ በጀት አያስፈልግም። እድር የአባላቱን ስም መዝግቦ ይዟል፤ እዚያው መዝገብ ጀርባ ላይ የወረቀት ከረጢት የሚሸጠው ሱቅ፣ ዘንቢል የምትሰፋው ሴትዮ፣ ጫማ የሚጠግነው፣ ቆራሌው በየትኛው ቀን እንደሚያልፍና ስልክ ቁጥሩ ሊጻፍ ይችላል። ስልክ አለው፤ እስካሁን ቁጥሩን የጠየቀው የለም እንጂ።