ከበርሊን፦ ስለ ጀሶዋ ልዕልት

ውድ እህቴ፣

  

ቀልቤን ስለወሰደው ቦታ ላጫውትሽ። እዚህ ሻርሎተንቡርግ የሚባል ሰፈር ውስጥ የከተማዋ ሙዚየሞች የጀሶ ቅጂ የሚያወጡበት ጊፕስፎርመራይ የሚሉት ቤት አለ። ከ1819 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ያከማቸው ሞልድም ወደ 7,000 ይጠጋል። አንቺ ሸክላ ስታቦኪ ስለምትውይ አሠራሩን ብታዪው እንዴት ደስ ባለሽ! የድሮው ሞልድ አንድ ወጥ አይደለም። ጆሮና የፀጉር ጥቅል ዙሪያ ሳይሰበር እንዲላቀቅ በብዙ ቁራጭ ይሠራና ቁራጮቹን አቅፎ የሚይዝ የውጭ ሽፋን ይደረግለታል። ቅጂ ሲወጣ መጀመሪያ ሞልዱ ውስጥ ቀጭን ጀሶ በብሩሽ ይቀባል፣ ከዚያ ወፈር ያለው ይከተላል። ጀሶው ሲጠነክር ይሞቃል። ሞልዱ ቁራጭ በቁራጭ ሲነሣ በየመጋጠሚያው የቀረው ቀጭን መስመር በፊቱ ላይ ይታያል፤ እሱን በጥንቃቄ ፍቀው ያለሰልሱታል።

እኔን ያስቆመችኝ የፍራንቼስኮ ላውራና ሥራ የሆነች የአንዲት የኔፕልስ ልዕልት የጀሶ ቅጂ ናት። ላውራና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዳልማሺያ መጥቶ ጣሊያን ውስጥ የሠራ ቀራጺ ነው፤ የሚቀርጻቸው ሴቶች ፊት ለስላሳ ነው፣ ዐይናቸውንም ሰበር ያደርጋሉ። ይህቺም እንዲሁ ቁልቁል ታያለች፤ ከንፈሯ ግጥም ብሏል።

ዋናዋ የእምነ በረድ ልዕልት እዚሁ በርሊን ውስጥ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሙዚየሞቹ ቅርስ ፍሪድሪሽስሃይን በሚባለው የፀረ አውሮፕላን ምሽግ ውስጥ ተከማችቶ ሳለ፣ በግንቦት 1945 እሳት ተነሣ። ከ400 በላይ ሥዕሎችና እጅግ ብዙ ቅርጻ ቅርጾች በዚያ ጠፉ። እምነ በረድ ኃይለኛ እሳት ሲያገኘው ላዩ ኖራ እየሆነ ይረግፋል። እሷም ክፉኛ ተጎድታ ተረፈች። ከቃጠሎው በፊት ምን ትመስል እንደነበር ዛሬ ዙሪያዋን እየዞርን የምናየው በጀሶው ነው። የቦዴ ሙዚየምም በ2015 ስለጠፉት ሥራዎች ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ የጀሶ ቅጂዎችን አቅርቦ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስንት ሙዚየም «ቅጂ ነው» እያለ እንዲህ ያለውን ጀሶ አውጥቶ ጥሏል! ሳስበው ያንገበግበኛል። ላውራና በመሮ የነካው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ያረፈ ሞልድ መሮውን የያዘውን ሰው እጅ ጭምር ይዟል፤ ፎቶግራፍ ይህን ሊይዝ አይችልም። ዛሬ ደግሞ ድንጋዩ እንዳይጎዳ በስካነር ስለሚቀዳና እንደ ድሮው በቀጥታ መቅዳት እየቀረ ስለሆነ፣ የድሮዎቹ ሞልዶች ምትክ የላቸውም።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ከጆሮዋ በታች የቀረውን የመጋጠሚያ መስመር አጉልተሽ እዪውና ሞልዱ የት የት ላይ እንደተቆራረጠ ገምተሽ ጻፊልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ