የልጆችን ልብስ እድፍ ስለ ማስለቀቅ

የሕፃናት ልብስ ንጹሕ ሆኖ መታየቱ የቤተ ሰብን ትጋት የሚያስመሰግን መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን ልጅ ልብሱን ሳያሳድፍ ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ እድፍ እንዴት እንደሚለቅ ማወቅ ለወላጆች እንደ ቀላል ነገር የሚቈጠር አይደለም። እኛ ይህን ትምህርት ያገኘነው ከራሳችን ስሕተት ነውና፤ ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ እንጽፋለን።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፤ በአንድ የጥምቀት በዓል የሰባት ዓመት ልጃችንን ጥለቱ ያማረ ነጭ ቀሚስ አልብሰን፤ «እንዳታሳድፊው» የሚል ብርቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥተን ወደ በዓሉ ወሰድናት። ማታም ቀሚሱን ራስዋ አውልቃ እንዳስቀመጠች ብትነግረን ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ግን ቀሚሱ ከሣጥን ኋላ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ጫፉም ደም ነክቶት ነበር። እኛም ደሙ ከወዴት እንደ መጣ ሳንጠይቅ ስለ ቀሚሱ ተቈጣን። ወዲያውም የፈላ ውሃ አስመጥተን ብናፈስበት፤ እድፉ ቡናማ ሆኖ ከድሩ ጋራ ተጣበቀ።

በጎረቤታችን የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ይህን አይተው፤ «ልጆቼ፤ ደምን በፈላ ውሃ ማጠብ እኮ እንቍላል እንደ መቀቀል ነው፤ ይረጋል እንጂ አይለቅም። ለመሆኑ የልጅቱን ገላ አይታችኋልን?» አሉን። ብንመለከት በጕልበትዋ ላይ ያለው ቍስል መግል ይዞ ነበር። ሕፃኒቱ ቍጣችንን ፈርታ ሕመምዋን ሦስት ቀን ሙሉ ደብቃ ኖራለች። ወደ ሐኪም ወስደናት ዳነች፤ እኛ ግን ይህን ባሰብን ቍጥር እናፍራለን።

ከዚያ ወዲህ የተማርነውና በሥራም የፈተንነው ይህ ነው። ደም፤ ወተትና እንቍላል የነካው ልብስ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ አለበት፤ በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን በሙቀት ይረጋልና። ቅቤና ዘይት ሲነካው ግን በመጀመሪያ ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ስቡን ማስመጠጥ፤ ቀጥሎም በሳሙናና ጨርቁ በሚችለው መጠን በሞቀ ውሃ ማሸት ይገባል። ጭቃ እርጥብ ሳለ ቢታሽ ወደ ድሩ ይገባል፤ ስለዚህ ደርቆ ከተራገፈ በኋላ ይታጠባል። የእርድ እድፍ ሳሙና ሲነካው ቢቀላ ማንም አይደንግጥ፤ ታጥቦ በፀሐይ ቢሰጣ ብርሃኑ ያደበዝዘዋል። በረኪና ሱፍንና ሐርን ያበላሻል፤ ከሆምጣጤ ጋራ ቢገናኝም መርዛም ጋዝ ይወጣዋልና ከቶ አይደባለቅ።

እናቶቻችን ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ፤ ሳፖኒን የሚባለው በውስጡ ስላለ አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፤ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አስረድተዋል። እንዲህ ያለ ኀይል ያለው ነገር ስለ ሆነ፤ እንዶድም ሆነ በረኪና ሕፃናት ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።

የዚያ ቀሚስ እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ እኛም አልጣልነውም። ልጃችን አሁን ልብስዋ ሲያድፍ ራስዋ ይዛው ትመጣለች፤ ይህም ከቀሚሱ ንጽሕና ይልቅ ደስ ያሰኘናል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ልብሱን አሳድፎ ሲመጣ አስቀድማችሁ «ተጐድተሃልን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ቀዝቃዛውን ውሃ ከዚያ በኋላ ማስቀዳት ይቻላል።