ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ጩኸትና ሙቀት

ሰው የሚወደውን ነገር ነውር ሲነግሩት፣ ነገሩን ከመመርመር ይልቅ የነገረውን ሰው መመርመር ይቀናዋል። እኔ ይህን ጠባይ በራሴ ላይ ያወቅሁት በአንዲት አሮጌ መኪና ምክንያት ስለ ሆነ፣ አንባቢዬ የላሜራና የጎማ ወሬ ቢበዛበት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

መኪናዬ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ሲፈልጉም ወደ ኋላ የሚታጠፍ ቮልስዋገን ናት። የተሠራችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ነው። በአዲስ አበባ ቮልስ ያላየ ሰው የለም፤ ጣሪያው የሚከፈተው ግን ጥቂት ነው። ይህን ዓይነቱን በጀርመን አገር በኦስናብሩክ ከተማ ካርማን የተባለው ድርጅት ከ1949 እስከ 1980 ሲሠራው ቆይቷል። እኔ የገዛኋት በ1991 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበረ። በዚያን ጊዜ የፊዚክስ መምህር ነበርሁ፤ የመምህርን ደመወዝ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እብደት ነበረ።

እኅቴ በአዳማ ስለምትኖር በየወሩ ከባለቤቴ ጋር ወደዚያ እንወርድ ነበር። እንወርድ ነበር ማለቴ በእውነት መውረድ ስለ ሆነ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስትሆን አዳማ 1,600 ሜትር ያህል ናት፤ እያንዳንዱ ቁልቁለት ሙቀት ይጨምራል። በመኪናዋም ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በማራገቢያ ነፋስ ነው። በሌሎች መኪናዎች ሞተሩን የሚከበው ውሃ ከጩኸቱ በመጠኑ ይውጣል፤ የእኔዋ ይህ ከልካይ የላትም፤ እንዲያውም ማራገቢያው የራሱን ጩኸት ይጨምርበታል። አቃቂን አልፈን ፍጥነት ስንጨምር ሸራው ይርገበገባል፣ በመስኮቶቹ ጠርዝ ነፋስ ያፏጫል፣ እኛም እንደ ወንዝ ማዶ ሰዎች እየተጯጯህን እንነጋገራለን።

ባለቤቴ ዱከም ስንደርስ ዝም ትላለች። ቢሾፍቱን ስናልፍ ራሷን ትይዛለች። «ራሴን ይፈልጠኛል፤ እግሬንም ያቃጥለኛል» ትለኝ ነበር። እኔ ግን መኪናይቱ የተሰደበች መስሎኝ፣ አንድ ጊዜ «ቁርስ ሳትበዪ ወጥተሽ ነው» እላለሁ፤ ሌላ ጊዜ «ዕድሜ ነው» እላለሁ። በኋላ እሷ በሚኒባስ መሄድ ጀመረች። እኔ በቮልሴ፣ እሷ በሚኒባስ ሄደን እኅቴ ደጃፍ ላይ የምንገናኝበት ጊዜ ነበረ። ዘመድ ይህን ዓይቶ የተጣላን መስሎት ሽማግሌ ለመላክ አስቦ ነበር። እኔም ውስጤን ቅር ብሎት ነበርና ዘመዶቼ ከእኔ ይልቅ ሳይረዱት አልቀሩም።

በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ መኪናይቱን ጸጥ አድርጌ ባለቤቴን ወደ ቦታዋ ልመልሳት ቆረጥሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበረ፦ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን፣ ወለሉንና ግድግዳውን ስፖንጅ ማልበስ። ለታፒሰሪው ቀብድ ሰጥቼ፣ ወንበሮቹ እንዲነሡ ብቻ ብዬ ወደ መካኒኬ ወሰድኋት። መካኒኩ በልጅነት ዕድሜ ያለ፣ ነገር ግን እጁ ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ዙሪያዋን ካየ በኋላ፣

«ጋሼ፣ እትዬን የሚያማቸው ጣሪያው ሲዘጋ ነው ወይስ ሲከፈት?» አለኝ።

አሰብሁ። ሲዘጋ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ለልጆች «አንዱን ነገር ለውጡ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት፤ ከዚያ ውጤቱን ተመልከቱ» እያልሁ ሳስተምር ኖሬ፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ ለገዛ ባለቤቴ አላቀረብሁላትም ነበር።

መኪናይቱን አንሥቶ ከሥር አሳየኝ። በዚህ መኪና ለብርድ ጊዜ የሚያገለግለው ሙቀት የሚገኘው ከጭስ መውጫው ነው። የጭሱን ቧንቧ የሚከቡ ሁለት የብረት ሣጥኖች አሉ፤ ማራገቢያው በውስጣቸው አየር ይነፋል፣ አየሩም ሞቆ በበሮቹ ሥር ባለው ቦይ ወደ ተሳፋሪው እግር ይሄዳል። የሚዘጋና የሚከፍተው ማንሻ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ይገኛል። በእኔ መኪና ገመዱ ዝጎ መዝጊያው ተከፍቶ ቀርቷል፤ ሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ቧንቧ ደግሞ ዝገት በስቶታል፤ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጋርኒሲዮንም ተቃጥሏል። እንግዲህ የባለቤቴን እግር የሚያቃጥለው ያ አየር የሞተሩን ጭስ ይዞ ይመጣ ኖሯል።

በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝና መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎም ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ ሲበዛ ይገድላል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። ለምን እኔን እንደ እሷ አላመመኝም? እኔ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ስለምነዳ ነው፤ እሷ ነፋሱን ሸሽታ መስኮቷን ትዘጋለች። እኔንም ራሴን የሚያመኝ ቀን ነበረ፤ ግን በተማሪዎች ደብተር አሳብቤዋለሁ።

ቀዳዳው ሁሉ ከተደፈነ በኋላ ልንጓዝ የነበረውን ጉዞ ሳስበው ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። በዚያ ቀን ቤት ገብቼ ነገሩን ነገርኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ፣ «ዕድሜ አይደለማ» አለች። ከዚህ ሌላ አልተናገረችም፤ ቢበዛ ይሻለኝ ነበር።

ሣጥኖቹ፣ ጋርኒሲዮኑና ገመዶቹ ተለወጡ፤ ወጪው ከታሰበው ስፖንጅ ሦስት እጥፍ ሆነ። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ጩኸቱ ተመለስን።

ቀጭን ላሜራ እንደ ከበሮ ቆዳ ይንቀጠቀጣል። ሬንጅ ያለበት ከባድ ንጣፍ ሲለጠፍበት ግን መንቀጥቀጡ ይበርዳል፤ ለዚህም ላሜራውን በሙሉ መሸፈን አያሻም፣ መካከሉን ሲሶ ያህል መያዝ ብዙውን ሥራ ይሠራል። በአየር የሚመጣው ድምፅ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያግደው ከላሜራው በለስላሳ ነገር የተለየ፣ ቀዳዳ የሌለው ከባድ የጎማ ምንጣፍ ነው። ትንሽ ስንጥቅ ከቀረ ብዙው ድካም በዚያች ስንጥቅ ይወጣል። የሸራ ጣሪያ ደግሞ ክረምት ሲገባ ማፍሰሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከምንጣፉ ሥር ያደረግነው ውሃ የማይጠጣውን ስፖንጅ ነው። ውሃ የሚጠጣው ዓይነት ከሐምሌ ዝናብ በኋላ ረጥቦ ወለሉን በዝገት ይበላዋል። የሚያብለጨልጨውን አሉሚኒየም ከኋላ ወንበር በስተ ጀርባ አደረግነው፤ እሱም ሙቀትን የሚመልሰው ከፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ነው እንጂ፣ በሁለት ነገር መካከል ተጨምቆ ከተጣበቀ እንደ ማንኛውም ብረት ያሳልፈዋል። በሞተሩ በኩል ተራ ስፖንጅ አላስገባንም፤ ቤንዚን ጠጥቶ እሳት ይይዛልና።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ልሠራ ነበር። ጩኸቱ ከሁሉ ይልቅ የሚወጣው በኋለኛው ኮፈን ላይ ካሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ስለ ሆነ፣ እነሱንም እንድፈናቸው አልሁ። መካኒኩ ሳቀ። ጣሪያው ላሜራ በሆነው ቮልስ ሞተሩ አየር የሚስበው ከኋላ መስተዋት ሥር ባሉት ክፍተቶች ነው፤ በእኔዋ ግን ሸራው የሚታጠፈው በዚያ ቦታ ስለ ሆነ፣ አየር መሳቢያው ወደ ኮፈኑ ወርዷል። ብንደፍነው ሞተሩ ታፍኖ ይነድ ነበር። ይልቁንስ በሞተሩ ዙሪያ የነበረውን፣ ከሥር የሚመጣውን የጋለ አየር የሚለየውን ጎማ አዲስ አደረገው። ያ ጎማ ተበልቶ ስለ ነበረ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ሲተነፍስ ኖሯል።

ጣሪያውን ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሰው በርካሽ ስላለበሰው፣ በውጭው ሸራና በውስጡ ጨርቅ መካከል ሊኖር የሚገባው ወፍራም ንጣፍ አልነበረም። በልባድ ሞላነው፤ ጥቁሩንም ሸራ ነጣ ባለ ለወጥነው። የመስኮቶቹ ጎማዎች አዲስ ሆኑ። እንዲህ ሆና እንኳ መኪናይቱ ጸጥተኛ አልሆነችም፤ ሆነች ብል ውሸት ነው። ብቻ ቀድሞ በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምንጯጯህ ሰዎች አሁን በሰማንያ በደኅና ድምፅ እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ቀን ባለቤቴ የተቀመጠችው እኔን ብላ እንጂ መኪናይቱን አምና አልነበረም። ዱከም ላይ በዓይኔ ጠርዝ አየኋት። ቢሾፍቱ ላይ ጠየቅኋት። «መንገድህን ተመልከት» አለችኝ። ከሞጆ እስከ አዳማ ስለ ወንድሟ ልጅ ሠርግ ስትነግረኝ ሄደች፤ ብዙውን ከዚህ በፊት ነግራኝ እንደ ነበረና እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሳልሰማት እንዳለፍሁ ቆይቶ ገባኝ።

ማታ ስንመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር። ሞጆን እንዳለፍን ነጠላዋን በራሷ ላይ ጠምጥማ አሰረችና «እስቲ ክፈተው» አለችኝ። ቆሜ ያን ሁሉ ልባድ ወደ ኋላ አጠፍሁት፤ እስከ ቃሊቲም ድረስ አንድም ቃል ሳንሰማማ፣ ነፋሱ እየጮኸብን መጣን።