ጓሳ ላይ ለቀማ

ጃፓን ውስጥ ሐኩባ የሚባል የተራራ መንደር አለ። በብርዱ ወራት የበረዶ ሸርተቴ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ሰዉ በሽቦ በተንጠለጠለ ወንበር ሽቅብ ይወጣና ከዚያ በእግሩ ይንሸራሸራል። እኛ መንዝ፣ ጓሳ ላይ ወንበሩ የለንም። መኪናው ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ያወርድሃል፤ ትንፋሽ የሚያጥርህ ገና በሩን ከፍተህ ስትወርድ ነው።

የሚለቀም ነገር አለ ወይ ካልከኝ፣ ቀጋ ካማረህ ወደ ማሳው ዳር ዝቅ በል። ቀዩን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቀህ ጠጉራሙን ዘር በጥፍርህ ጠርገው፤ አለዚያ ጉሮሮህን ሲበላህ ይውላል። ላይ ግን ዋናው ለቃሚ ጭላዳ ነው። ቁጢጥ ብሎ ሣሩን በሁለት ጣቱ እየነጨ ይጎርሳል፤ ሲጨርስ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሥራ እንዲህ ነው እንጂ!

ሰው ግን እንዳሻው አይነጭም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን ሲደርስ ይከፈት ነበር። በተከፈተበት ዓመትም ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሁሉም ለቆ ይወጣ ነበር፤ ጃፓኖቹ ወንበራቸው ላይ በሚሰቀሉበት ወር መሆኑ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኋላ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አይጥ የሚያድነው፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በዚያ ሁሉ ጥበቃ ነው።

መሄድ ካሰብክ ጥቅምትን አሳልፍ። ጋቢ ያዝ፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው።