የሁሉ በሆነ ወንዝ ወርቅ ማጠብ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳክራሜንቶ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ኮረብታውን በወረድን ጊዜ ኮሎማ ከምትባል ትንሽ መንደር ደረስን። ልጆቻችንን ይዘን ወደዚያ የሄድነው ወርቅ የሚታጠብበትን ወንዝ በዓይናችን ለማየትና በእጃችንም ለመሞከር ነበር። በሀገራችን በአዶላና በወለጋ ወርቅ ማጠብ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው፤ በኮሎማ ግን የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆኗል። መዝናኛም ቢሆን የራሱ ሥርዓት እንዳለው በዚያ ቀን ተማርን፤ የተማርነውም በራሳችን ጥፋት ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 1848 ዓ.ም. ጄምስ ማርሻል የሚባል አናጢ፣ ጆን ሳተር ለሚባል ባለ ርስት በውሃ ኃይል የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲያሠራ፣ በውሃው ቦይ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አየ፤ ወርቅ ነበር። ወሬው በተሰማ ጊዜ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 300,000 ያህል ሰው ወደ ካሊፎርኒያ ጎረፈ። የመንግሥት ሕግ ገና ስላልጸና የቀደመ ሁሉ እንደ ፈቀደ ቆፈረ። ኒሴናን የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ ከመሬታቸው ተፈናቀሉ፤ ብዙዎቹም በበሽታና በግድያ አለቁ። የሳተር ርስት በወርቅ ፈላጊዎች ተወረረ። ማርሻልም በ1885 ዓ.ም. በድህነት ሞተ። ዛሬ በመቃብሩ ላይ፣ በኮረብታው አናት የቆመው ሐውልት ወርቁን ያገኘበትን ስፍራ በጣቱ ያመለክታል።

ቦታው አሁን የግዛቱ ታሪካዊ መናፈሻ ነው፤ ጎብኚም በወንዙ ማዶ በተወሰነው የጠጠር ዳርቻ ወርቅ እንዲያጥብ ይፈቀድለታል። እኛም የማጠቢያ ገበታና አንዲት ትንሽ አካፋ ይዘን ወረድን። ታላቁ ልጃችን ከአንድ ዛፍ ሥር፣ የወንዙን ገደል በአካፋው መናድ ጀመረ፤ እኛም አልከለከልነውም፤ እንዲያውም «በርታ!» አልነው። ወዲያው የመናፈሻው ጠባቂ ወደ እኛ መጣና በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ «እዚህ የሚፈቀደው እጅና ገበታ ብቻ ነው፤ አካፋውን ወደ መኪናችሁ መልሱልኝ» አለን። እጅግ አፈርን።

ጠባቂው ከሄደ በኋላ ልጁ፣ «አባባ፣ መሬቱ የሁሉም ከሆነ እኛን ለምን ይከለክሉናል?» ሲል ጠየቀ። እናቱም፣ «ልጄ፣ የሁሉም ስለ ሆነ ነዋ!» ብላ መለሰችለት።

ምክንያቱን ለማወቅ ታሪኩን መመልከት ያስፈልጋል። ከ1850ዎቹ ጀምሮ በኃይለኛ የውሃ ቧንቧ ተራራውን እያፈረሱ ወርቁን ያጥቡት ነበር፤ ጭቃውና ድንጋዩም የወንዞቹን ወለል ስለ ሞላው ጎርፉ በታች ባሉት ገበሬዎች እርሻ ላይ ይፈስ ነበር። ገበሬዎቹ ከስሰው፣ በ1884 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ፍርስራሹ ወደ ወንዞች እንዳይጣል ከለከለ። ዳግመኛም የዚያ ዘመን ሰዎች ወርቁን ከአሸዋ ለመለየት ባዚቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ይጠቀሙ ነበርና መርዙ እስከ ዛሬ በወንዞቹ ጭቃና በዓሦቹ ሥጋ ውስጥ ይገኛል። የወንዝን ወለል በሞተር እየመጠጡ ወርቅ መፈለግም በካሊፎርኒያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ታግዷል። እንግዲህ የአንድ ልጅ አካፋ ትንሽ ነው ቢባልም፣ በየሳምንቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንዳንድ ጉድጓድ ቢቆፍር ገደሉ ይናዳል፤ ዛፉም ይወድቃል።

በካሊፎርኒያ መናፈሻዎች ወርቅ ማጠብ በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ ደንቡ ይህን የመሰለ ነው። የሚታጠበው ጎርፍ በየዓመቱ ከሚሸፍነው ጠጠር ብቻ ነው፤ ከገበታው የሚወጣውም ድፍርስ ውሃ ከ20 ጫማ፣ ማለት ከ6 ሜትር ያህል አልፎ መታየት የለበትም፤ የተገኘውንም መሸጥ አይፈቀድም።

ከመናፈሻ ውጭ ባለው የመንግሥት መሬት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። በ1872 ዓ.ም. በወጣው የማዕድን ሕግ መሠረት አንድ ሰው በሕዝብ መሬት ላይ የማዕድን ይዞታ አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ የሕዝብ ቢሆንም ወርቁ የእርሱ መብት ነውና ያለ ፈቃዱ ማጠብ እንደ ስርቆት ይቈጠራል። የወሰኑ ምልክት ወድቆ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ የመሬቱን መሥሪያ ቤትና የአውራጃውን መዝገብ መጠየቅ ይገባል።

ከሕጉ ሌላ ደግሞ የጨዋነት ወግ አለ። አስቀድሞ ከሚያጥብ ሰው በላይ ተቀምጦ ውሃውን አለማደፍረስ፣ የቆፈሩትን ጉድጓድ መልሶ መድፈን፣ የጥንት ዕቃ ቢገኝ ሳይነኩ ለጠባቂ ማሳየት፣ በገበታም ውስጥ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የባዚቃ ጠብታ ቢታይ በእጅ አለመንካት፣ ወደ ወንዙም አለመመለስ፣ በእሳትም አለማሞቅ፤ ትነቱ መርዝ ነውና።

እኛም አካፋውን መልሰን በእጃችን ማጠብ ጀመርን። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን ከሦስት እጥፍ አይደርስም። ስለዚህ ጠጠሩን በውሃ ውስጥ እየነቀነቁ ገበታውን ቀስ በቀስ ሲያዘነብሉት ቀላሉ ይሄዳል፤ ከባዱ ከታች ይቀራል። ከሦስት ሰዓት ድካም በኋላ በጥቁሩ አሸዋ መካከል ሁለት ፍንጣሪዎች ታዩን፤ መጠናቸው ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። ልጆቹ ግን የንጉሥ ግምጃ ቤት የተከፈተላቸው ያህል ተደሰቱ።

ፀሐይ ባዘቀዘቀ ጊዜ ልንነሣ ስንል ታላቁ ልጃችን ታጣ። ብንፈልገው ወደዚያው ዛፍ ተመልሶ፣ ጠዋት የናደውን አፈር በሁለት እጁ እየዘገነ ሥሩን ያለብስ ነበር። ማንም አላዘዘውም። እኛም ዕቃችንን አስቀምጠን ከጎኑ ተንበረከክንና ጉድጓዱ እስኪደፈን ድረስ አብረነው አፈር መለስን።