በወጥመዴ የገባችው እንግዳ

ልጅ ሳለሁ በእናቴ ቤት ዶሮ የሚሰርቀው አውሬ ሸለምጥማጥ ነበር። ሌሊት ገብቶ አንዲቱን አንቆ በሄደ ቁጥር እኔ ጧት ተነሥቼ ወጥመድ ለመሥራት እጣደፋለሁ። እናቴ ግን፣ «ተወው ልጄ፤ እሱም እንጀራው ነው። ይልቅስ የዶሮዎቹን በር አጥብቀህ ዝጋ» ትለኝ ነበር። ይህ ምክር ለብዙ ዘመን አብሮኝ ኖሯል። ከአገሬ ርቄ በአንድ ደሴት ላይ ከሰፈርሁ በኋላ ግን ምክሩ ብቻውን የማይበቃበት ጉዳይ ገጠመኝ።

ደሴቱ ሙል ይባላል፤ የሚገኘውም በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች ለሥራዋ ስንል ከግላስጎው ተነሥተን፣ ከኦባን ወደብ በመርከብ ተሻግረን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በባሕሩ ዳር በምትገኝ አነስተኛ የእርሻ ይዞታ ላይ መኖር ጀመርን። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ራቅ ብላ፣ አንዲት ድንጋያማ ደሴት ትታያለች። ሽማግሌው ጎረቤታችን እንደነገሩን፣ እርሳቸው ልጅ በነበሩበት ዘመን ያቺ ደሴት ግንቦት ሲገባ ተርን በሚባሉ ነጫጭ የባሕር ወፎች ስለምትሸፈን ከሩቅ ለሚያያት በረዶ የወረደባት ትመስል ነበር። በእኛ ጊዜ ግን ወፎቹ መጥተው እንቁላል ቢጥሉም፣ አንድም ጫጩት ለመብረር ሳይበቃ ደሴቲቱ ጭር ትላለች።

ምክንያቱን የተረዳሁት በመጋቢት ወር በአንድ ዝናባማ ጧት ነው። የዶሮዎቹን ቤት ስከፍት ከ14ቱ ዶሮዎች 11ዱ አንገታቸውን ተነክሰው ወድቀው አገኘኋቸው። የተበላችው አንዲት ብቻ ነበረች። ከግድግዳው ሥር ሦስት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ እኔ ግን ንቄ ትቻት ነበር። ጎረቤታችን መጥተው በጭቃው ላይ የታተመውን ዱካ አጎንብሰው ተመለከቱና፣ «ሚንክ ነው» አሉኝ።

ሚንክ ቀጭንና ረጅም ሰውነት ያለው፣ ጠጉሩ እንደ ተቆላ ቡና የጠቆረ፣ አገጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ሥጋ በል አውሬ ነው። ትልቁ ወንድ እንኳ አንድ ኪሎ ተኩል እምብዛም አይሞላም። በምድር ይሮጣል፤ በባሕርም እየዋኘ ከደሴት ወደ ደሴት ይሻገራል። የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ወደ ብሪታንያ የመጣው ግን በራሱ ፈቃድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ለቆዳው ሲባል በጎጆ ሽቦ ውስጥ እንዲረባ ነጋዴዎች አመጡት። አንድ ረጅም ካባ ለመስፋት ሃምሳ ያህል ቆዳ ያስፈልጋልና ርቢው እየተስፋፋ ሄደ። ከርቢ ቦታዎቹ ያመለጡትና የተለቀቁት ግን በየወንዙ ተሠራጩ። እ.ኤ.አ. በ1956 በደቡብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ፣ በዱር መዋለዳቸው ተረጋገጠ። ሚንክን ለቆዳው ማርባት በአገሪቱ በሕግ የተከለከለው ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚህ በምዕራብ ስኮትላንድ ጠረፍ ክላይቭ ክሬክ የተባሉ የሥነ ሕይወት ሊቅ ለረጅም ዓመታት ባደረጉት ክትትል፣ ሚንክ በደረሰባቸው ትናንሽ ደሴቶች ላይ የባሕር ወፎች ጫጩት ማሳደግ እንደሚሳናቸው አሳይተዋል።

በመጀመሪያ የእናቴን ምክር ፈጸምሁ። ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈንሁ፤ የዶሮዎቹንም ቤት ዙሪያውን በጠባብ ሽቦ አጠርሁ። ነገር ግን ዓይኔ ወደዚያች ደሴት ሲመለስ አንድ ነገር ተገለጸልኝ፤ ለዶሮዎቼ የምዘጋው በር አለኝ፤ ለወፎቹ ግን በር የላቸውም።

ስለዚህ ጎረቤታችን ወጥመዱን አምጥተው አሠራሩን አስተማሩኝ። ወጥመዱ ከሽቦ የተሠራ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ፣ ወርዱ አንድ ስንዝር የሚሆን ሣጥን ነው። አውሬው ገብቶ በመካከሉ ያለውን መርገጫ ሲረግጥ መዝጊያው ከኋላው ይወድቃል። በሕግ የተጠበቀው ኦተር የተባለው የውሃ አውሬ እንዳይገባ መግቢያው እንዲጠብብ ተደርጓል። ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት ቦታ፣ በድንጋዮች መካከል አስቀመጥነው፤ የገባው አውሬ በብርድና በዝናብ እንዳይሠቃይም በሣር ሸፈንነው። የዓሣ ራስም አኖርንበት። «ወጥመድ የዘረጋ ሰው በየቀኑ ሳይጎበኘው ሊውል አይገባውም» ሲሉ አስጠነቀቁኝ።

በአምስተኛው ቀን ጧት ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ስንወርድ መዝጊያው ወድቆ አገኘነው። በውስጡ አንዲት ሴት ሚንክ ነበረች። አልጮኸችም፤ ትናንሽ ጥቁር ዓይኖቿን በእኛ ላይ ተክላ ብቻ ታየን ነበር። ልጄ እጄን ይዛ፣ «አባዬ፣ ሩቅ ቦታ ወስደን ብንለቃትስ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ተቸገርሁ። የተያዘን ሚንክ መልሶ መልቀቅ በአገሪቱ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢፈቀድስ ኖሮ ሸክሙን ወደ ሌላ ሰው ዶሮና ወደ ሌሎች ወፎች ጎጆ ማዛወር አይሆንምን? ይሁን እንጂ ያቺን ፍጥረት ስመለከት ልቤ አልጨከነም። እርስዋም እንደ እኔ ሥሯ በሌላ አገር ነው፤ ልዩነታችን እኔ ወድጄ መምጣቴ፣ ቅድመ አያቶቿ ግን በሣጥን ታሽገው መምጣታቸው ነው። ለልጄም እውነቱን ነገርኋት፤ «ጥፋቱ የእርስዋ አይደለም፤ የሰው ነው። ሰው ያበላሸውን ደግሞ ሰው ማስተካከል አለበት» አልኋት። አለቀሰች፤ እኔም አልከለከልኋትም።

የአየር ጠመንጃ ፈቃድ የነበራቸው ጎረቤታችን መጥተው በአንዲት ጥይት፣ ሳትሠቃይ፣ ፈጸሙት። ከዚያም ቆባቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉና፣ «በዚህ ወር መያዟ ደግ ሆነ። በግንቦት ቢሆን ኖሮ ግልገሎቿ በጉድጓድ ውስጥ በረኃብ ባለቁ ነበር» አሉኝ። ስድሳ ዓመት በዚያ ጠረፍ የኖሩት እኒህ ሰው አንድም የፉከራ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ማጥመድና መጥላት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ሚንኮች ይዘናል። ባለፈው ሐምሌ ከልጄ ጋር በአጉሊ መነጽር ደሴቲቱን ስንመለከት ለመብረር የደረሱ 23 ጫጩቶች ቆጠርን። የአርክቲክ ተርን በየዓመቱ በደቡብ ዋልታ አካባቢ ካለው ባሕር ተነሥቶ፣ ልጆቹን ለማሳደግ ወደ ሰሜን የሚመጣ መንገደኛ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ባዶ ጎጆ ታቅፎ እንዳይመለስ ማድረግ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ሆኖም ሌሎች ሚንኮች ዋኝተው ሊመጡ ስለሚችሉ ወጥመዱን እስከ ዛሬ አላነሣሁትም፤ በየማለዳውም እጎበኘዋለሁ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ አበው። ሚንኩን ያመጡት ሰዎች ካባውን እንጂ ወንዙን፣ ደሴቱንና ወፉን አላሰቡም። እኛ ግን ድስቱ ከተጣደ በኋላ የደረስን ነን፤ ማልቀሱም ሆነ ማማረሩ አይጠቅመንም። የሚጠበቅብን የተረከብነውን ዕዳ ያለ ጭካኔ፣ ያለ ስንፍናም መክፈል፣ ለሚመጡት ልጆችም ሌላ ዕዳ አለመጨመር ነው።